ወንዝ የወሰደው ታርጋ

«አልጽፍም አልኩሽ እኮ።»

«ለምን እንደማትጽፍ ንገረኝና እሄዳለሁ።»

«ነገርኩሽ። አይጠቅማችሁም።»

«የሚጠቅመንን እኛ እናውቃለን፣ ጋሼ። አንተ የምንልህን ጻፍልን።»

ብርቱካን ይህን የምትለኝ ከደጃፉ ሳትርቅ ቆማ ነው። ወንበር ብሰጣትም አልተቀመጠችም። የዝናብ ልብሷ በሲሚንቶው ወለል ላይ ይንጠባጠባል። ሐምሌ ነው፤ ከቁስቋም ቁልቁል የሚወርደው ጎርፍ በሱቄ ደጃፍ እያለፈ ጭቃና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይጎትታል። ሱቅ ማለቴ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ማተሚያና አንድ አግዳሚ ወንበር የያዘች ጽሕፈት ቤት ናት። ሰዎች ለቀበሌ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለመሥሪያ ቤት የሚያስገቡትን ማመልከቻ እዚህ እየመጡ ያስጽፉኛል።

ልጅቷ ባጃጅ ነጂ ናት። ከእሷ ጋር የሚሠሩት ተሰብስበው መክረው፣ የፊት ታርጋ ግዴታ ይቅርልን፣ የኋላው ይበቃናል ብለው ለማመልከት ወስነዋል። ትራፊኩ ጥፋት ባየ ቁጥር ከኪሱ ካቻቪቴ ያወጣና የፊቱን ታርጋ ፈትቶ ይዞት ይሄዳል። ታርጋ የሌለው ባጃጅ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ቅጣቱ ተከፍሎ፣ ወረፋው ተጠብቆ፣ ታርጋው ከተከመረበት ተፈልጎ እስኪገኝ ሁለት ሦስት ቀን ሥራ ይቆማል። በኮረኮንቹ መንገድ ብሎኑ ረግፎ ታርጋው የወደቀበትም ያው ነው፤ ይቀጣል።

«የፊቱ ታርጋ መታወቂያ አይደለም፤ ጆሮ ነው። የፈለገ ሰው እሱን ይዞ ይጎትተናል» አለችኝ።

ይህን አባባል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። የተናገረው አባቷ ነበር። እሷ ያን ጊዜ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከእሱ አፍ ሰምታ ያስቀረችው ይሁን በራሷ ያገኘችው አላውቅም። እንደገና ተቀመጪ አልኳት። የማልጽፍበት ምክንያት ረዘም ያለ ነው፣ አባትሽም አለበት አልኳት። ግድግዳውን ተደገፈች እንጂ አልተቀመጠችም። ለእሷ በአጭሩ የነገርኳትን እዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። ከአሥረኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም፤ ግን ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ፣ ሽፋኑ የተገነጠለውን ጭምር፣ አነብ ነበር። ግጥም እጽፋለሁ። ለእንጀራዬ ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ተክዬ፣ ጉልበቴ ላይ ጣውላ አጋድሜ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር የለኝም፤ በእጄ ነው። የእጅ ጽሑፉ ሸጋ ነው ይሉኝ ነበር። የድንበር ግፊት፣ የጡረታ መዘግየት፣ የባልና ሚስት ክርክር፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። አንዲት አሮጊት ውሃቸው ተቆርጦባቸው የጻፍኩላቸው ማመልከቻ ውሃውን ካስቀጠለላቸው ወዲህ፣ በደንብ የተጻፈ ቃል የማይከፍተው በር የለም ብዬ አምኜ ነበር። ሰው በሃያ ዓመቱ እንዲህ ያለ ነገር ቢያምን አይፈረድበትም። እኔን ግን ያን ጊዜ አንድ ሰው ጆሮዬን ቆንጥጦ ቢመልሰኝ ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

የብርቱካን አባት አያ ሙላት ጎረቤታችን ነበር። አጠር ብሎ ደንደን ያለ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያሰማ ሰው። አሥራ አራት ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻ የራሱን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ገዛ። በበጋ ከጎንደር ደባርቅ ይሠራል፤ ሰሊጥ ሲደርስ ደግሞ ወደ ሳንጃና ከሳንጃ ወዲያ ወዳሉት እርሻዎች አጫጅ ያመላልሳል። የዓመቱን ቀለብ የሚያስገኝለት ይኸው የሰሊጡ ወቅት ነው። የቀረው ጊዜ ለነዳጅና ለጎማ ነው ይል ነበር።

በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ቀን ጋቢና አስቀምጦ ይወስደኛል፤ እዚያ ለገበሬዎቹ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ጆንያ ይጫናል፤ ሽታው ከልብሴ ሁለት ቀን አይለቅም። ደባርቅ ድረስ የዘለቅን ዕለት የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ይገዛልኛል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ድንቹን ከመብላታችን በፊት በሁለት እጃችን ይዘን እንሞቅበታለን። አንዳንድ ጊዜ የጻፍኩትን ግጥም አነብለት ነበር። መንገዱን እያየ ያዳምጥና «ይህቺ ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ አልያዘም» ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበር።

ከሳንጃ ወዲያ ድልድይ የሌላቸው ወንዞች አሉ። መስከረም ላይ ውሃው ገና አልጎደለም። ቅጥቅጡ አፍንጫውን ወደ ውሃው ሲሰድ ጎርፉ ታርጋው የታሰረበትን ፓራውልት ይገፋዋል፤ ማዶ ሲወጡ የፊቱ ታርጋ የለም። የኋላውን መኪናው ራሱ ስለሚከልለው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። አያ ሙላት ወርዶ የተነቀለውን ብሎን ያይና «ይህ ወንዝ ካቻቪቴ የማያስፈልገው ትራፊክ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ ከወንዙ በታች ባለች መንደር አንድ ገበሬ የንብ ቀፎውን አፍ በታርጋ ገጥሞት አየን። አያ ሙላት መኪናውን አቁሞ ሄዶ ቁጥሩን አነበበ፤ የራሱ አልነበረም። «የዚያ የሾፌሩ የደሴ ነው። ንቦቹ ሕጋዊ ሆነዋል፤ እሱ ቀርቶበታል» እያለ ተመለሰ።

ምትክ ማውጣት ይቻላል። ከፖሊስ የመጥፋት ማስረጃ፣ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ከዚያ ወራት የሚፈጅ ጥበቃ ይጠይቃል። እስኪመጣ ድረስ መኪናው ይቁም ይላል ደንቡ። ሰሊጥ ግን አይጠብቅም፤ ቀኑ ካለፈ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ አጫጁም ወደ አገሩ ይመለሳል። ስለዚህ ሁሉም ያደረገውን አያ ሙላትም አደረገ። ከጋራዦቹ አካባቢ ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ነጭ ቀብቶ፣ ቁጥሩን በብሩሽ የሚጽፍ ሰው ነበረ። ቁጥሩ የመኪናው ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ ከኋላው ጋር አንድ ነው። ትራፊኮቹም ያውቃሉ። እንዲያውም አንዱ «ቀለሙ ለቀቀ፣ አሳድሰው እንጂ» ብሎት እንዳለፈ አያ ሙላት አጫውቶኛል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ደንቡ በወረቀት ላይ፣ ቆርቆሮው በመኪናው ላይ፣ ሁለቱም ሳይነካኩ ይኖሩ ነበር።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ማለቂያ ላይ የፊት ታርጋ ቁጥጥር ሊጠብቅ ነው የሚል ወሬ መጣ። ሾፌሮቹ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ሻይ ቤት ተሰበሰቡ። አያ ሙላት ጠርቶኝ እኔም ሄድኩ። የሁሉም ሐሳብ ሽማግሌ መላክ ነበር። ሁለት ሽማግሌዎችና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የንስሐ አባት በዓመት በዓሉ ወደ ቤቱ ሄደው፣ ልጆችህ ናቸው፣ የፊቱን ነገር ለዘንድሮ እለፍላቸው፣ ወንዝ ለሚሻገር መኪና የኋላው ይበቃል ብለው እንዲለምኑት ነው የታሰበው። በኛ አገር ነገር እንዲህ ነው የሚያዘው። ሽማግሌው ቃሉን ይናገራል፣ የተለመነው ሰው እሺም እምቢም ሳይል እንግዶቹን ይሸኛል፣ ከዚያ ነገሩ ቀስ ብሎ ይለዝባል። የተጻፈ ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚካድም የሚያዝም ነገር የለም።

እኔ ተነሥቼ ሽማግሌ ለጋብቻና ለደም ነው አልኩ። መብት በጓሮ በር አይለመንም አልኩ። ጥያቄያችን ለአንድ ዓመት ምሕረት ሳይሆን ደንቡ እንዲቀየር ነው፤ የፊት ቁጥሩ በመኪናው ኮፈን ላይ በቀለም ይጻፍ፣ ወንዝ ቀለም አይነቅልም፤ ይህን በጽሑፍ፣ በስም፣ በፊርማ እንጠይቅ አልኩ። ብዙ ተናገርኩ። ዕድሜያቸው የአባቴን የሚያህል ሰዎች ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ አዳመጡኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ከዚያ በኋላ በምንም ነገር አግኝቼው አላውቅም።

አራት ገጽ ጻፍኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። «ወንዝ የዋጠውን ሾፌር ይትፋ ማለት ፍርድ አይደለም» የምትል ዓረፍተ ነገር ነበረችው፤ ስለእሷ ብዬ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ሠንጠረዥ አወጣሁ። የሾፌሩ ስም፣ የመኪናው ቁጥር፣ የፊቱ ታርጋ የጠፋበት ወንዝ፣ አሁን ከፊት ያለው ነገር ምን እንደሆነ፣ ፊርማ። አሁን ያለው ነገር በሚለው ዓምድ ሥር ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ጻፍኩ፤ «በቀለም የተጻፈ ቆርቆሮ»።

አያ ሙላት ሳነብለት እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ይህቺን ቆርቆሮ የምትለዋን ባናነሳት ምነው?» አለኝ።

«ዋናዋ እሷ ናት እኮ፣ አያ ሙላት። ደንቡ ቆርቆሮ ከማስቀባት ሌላ ምንም እንዳላተረፈ የምታሳየው እሷ ናት።»

«አውቀው ዝም ያሉትን ነገር ጽፈህ ስትሰጣቸው ዝም ማለት አይችሉም።»

«እውነት ያልተጻፈበት አቤቱታ ልመና ነው» አልኩት።

«እንግዲህ አንተ የተማርክ ነህ» አለኝ። እንዳልተማርኩ ያውቃል። ለማሾፍ እንዳልሆነም አውቃለሁ። እሱ ፊደል የቆጠረው ከየኔታ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያነበው የመንገድ ምልክትና የመኪና ቁጥር ነበር። ከኔ የሚበልጥበትን ነገር እያወቀ ለኔ የተወበት ምክንያት ይኸው ይመስለኛል፤ ብዙ ያነበበን ሰው ማክበር የለመደ ሰው ነበር።

ወረቀቱ ሻይ ቤት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም ልክ ነው፣ ሸጋ አድርገህ ጽፈኸዋል ይላል፤ ብዕሩን ግን ለሚቀጥለው ሰው ያቀብላል። አንደኛ ተራ ላይ መፈረም የፈለገ አልነበረም። አያ ሙላት ብዕሩን ወስዶ በቁጥር አንድ ላይ ፈረመ። ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ተከታትሎ ፈረመ።

መስከረም እንደገባ ሦስት ሆነን ሄድን፤ አያ ሙላት፣ ታርጋው ለንቦች የቀረው ደሴና እኔ። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነበር። ወንበር አስመጣልን። ወረቀቱን ተቀብሎ የመጀመሪያውን ገጽ በግማሽ አነበበ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ገለበጠ። ዓረፍተ ነገሬ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበረች። ሠንጠረዡ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጣቱን ዓምዱ ላይ አድርጎ ከላይ እስከ ታች ወረደ፤ እንደገና ወደ ላይ ተመለሰ።

«ይህን ሠንጠረዥ ያወጣው ማነው?» አለ።

ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። ግን ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ተለወጠ፤ ሦስታችንም አወቅነው። ደሴ ባርኔጣውን ያገላብጥ ጀመር። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ። የሰቲት ሰሊጥ እርሻ ፎቶግራፍ ነበረበት፤ ነዶው ተደርድሮ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። እኔ ነኝ፤ ሐሳቡም የኔ ነው፤ እነሱማ ሽማግሌ ሊልኩ ነበር። ይህን ለመናገር ከአንድ ትንፋሽ በላይ አይፈጅም። ልቤ ተናገር ተናገር እያለኝ ፎቶግራፉን ማየቴን ቀጠልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ አያ ሙላት።

«ፊርማውም የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ባታመጡልኝ ይሻል ነበር» አለ። «ሐሰተኛ ሰሌዳ እኮ ወንጀል ነው። አሁን ያየሁትን አላየሁም ማለት አልችልም።»

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በእሱ አሳብቤ እኖር ነበር። አልነበረም። ዓይኑን ጨፍኖ ሲያሳልፍ የኖረን ሰው፣ ወረቀት ይዤ ሄጄ በግድ ዓይኑን የገለጥኩት እኔ ነኝ።

የቀረው ቶሎ ቶሎ ሆነ። ወሬው ሲሰማ ሾፌሮቹ ቆርቆሯቸውን በአንድ ቀን ገነጠሉ። አንዱ የዕድር ስም ዝርዝር መስሎኝ ነው የፈረምኩት አለ፤ ሌላው ፊርማው የኔ አይደለም አለ። ደሴ መኪናውን ለወንድሙ ሰጥቶ መተማ ወረደ። አልፈርድባቸውም፤ የሚያበሉት ቤተሰብ አላቸው። አያ ሙላት ግን ፊርማውን አምኗል፤ ቆርቆሮውንም አልነቀለም። ከሳምንት በኋላ ከከተማው መውጫ ላይ ተያዘ። ሐሰተኛ ሰሌዳ በመጠቀም ተከሰሰ፤ መንጃ ፈቃዱ ታገደ፤ ቅጥቅጡ ከፖሊስ ግቢ ገብታ ቆመች። በአጥሩ በኩል ሳልፍ አያት ነበር። ሰሊጡ ደረሰ፣ ታጨደ፣ ተወቃ፤ ከጎማዋ ሥር ሣር በቀለ። ስትለቀቅ ሊያስነሣት ቢሞክር ብዙ ነገሯ ዝጓል። ሸጣት። መኪናዋን የገዛው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ምን ዓይነት ቆርቆሮ እንዳስቀባላት ለማንም መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ አያ ሙላት መናኸሪያው ውስጥ ተሳፋሪ ጠሪ ሆነ። «ደባርቅ፣ ደባርቅ፣ አንድ ሰው የቀረው ደባርቅ» እያለ ሌሎች የሚነዱትን መኪና ይሞላል። ድምፁን እየሰማሁ መንገዴን ብዙ ጊዜ ቀይሬአለሁ። ሲያገኘኝ «ምነው ጠፋህ?» ይለኛል፤ «አዲስ የጻፍከው ነገር የለም?» ይለኛል። ስለዚያ ወረቀት አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። ቢያነሣው ኖሮ ምናልባት ይቅርታ እጠይቀው ነበር። ሳልጠይቀው ሞተ፤ ከሞተ አሁን ሁለት ዓመት ሆነው። በቀብሩ ዕለት አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ ታማኝ ወዳጁ ነበርክ አለኝ።

ደንቡ አልተለወጠም። ከዚያ ወዲህም ከአንድ ሰው በላይ ለሚፈርምበት ነገር ብዕር አላነሣሁም። የጠፋ መታወቂያ፣ የፈረሰ አጥር፣ የልጅ መልቀቂያ፣ ይህን ይህን እጽፋለሁ።

ለብርቱካን ይህን ስነግራት ዝናቡ ቀጥ ብሏል። ከጣሪያው ጠርዝ ብቻ ይንጠባጠባል። የቀን መቁጠሪያውን ነገር ልዝለለው ብዬ ነበር፤ እስከዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ግን ካልነገርኳት የማልጽፍበት ምክንያት ጥበብ ይመስላል፤ ጥበብ አይደለም። ስለዚህ እንዳለ ነገርኳት።

«አባቴ ሠንጠረዡን እኔ ነኝ ያወጣሁት ብሎ ነው የነገረን» አለች። «እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ አጉል ብልጠትህ ነው ቤታችንን ያፈረሰው እያለች ትወቅሰዋለች። ከሞተም በኋላ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ብዙ ጊዜ ሳስብ የኖርኩት ሽማግሌ ተልኮ ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር ነው። የሚሆነው ይታወቃል፤ ለአንድ ዓመት ይለዝባል፣ ኃላፊው ይቀየራል፣ ሌላ ሽማግሌ ይላካል። የተጻፈው ያስይዛል፣ ያልተጻፈው ይረሳል፤ በሁለቱ መካከል የሚያልፍ ሦስተኛ መንገድ ይኖር ይሆን ብዬ ስፈልግ ጎልማሳ ሆንኩ። አላገኘሁትም። ላላገኘሁት ነገር ደግሞ እነዚህን ልጆች ምን ብዬ ልምከራቸው? አትፈርሙ ከማለት በቀር የቀረኝ ቃል የለም፤ እሱንም ነገርኳት። ስማችሁንና የባጃጃችሁን ቁጥር ጽፋችሁ ለማንም አትስጡ፣ ዝም ብላችሁ ሥሩ አልኳት።

የዝናብ ልብሷን ቆብ ወደ ራሷ ሳበች።

«ያን ጊዜ መናገር ሲገባህ ዝም አልክ» አለችኝ። «አሁን ደግሞ እኛን ዝም በሉ ትለናለህ።»

«ብርቱካን፣ ቆይ» አልኳት።

«ቤት ሄጄ ለእናቴ የምነግራት ነገር አለኝ» አለችና ወጣች። በሩን ታላትመዋለች ብዬ ነበር። ግን መዝጊያውን በእጇ ደግፋ፣ ቀስ ብላ፣ እስኪገጥም ድረስ ዘጋችው።